የጎረቤቴ ጥንቸሎችና የእትዬ ዶሮዎች

ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን የጭነት መኪና ላይ በጫኑበት ጠዋት ጓደኛዬ የሙዝ ካርቶን ታቅፋ ወደ ክፍሌ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጥንቸሎች ነበሩ፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ፣ ሁለቱም ሴቶች።

«የደረሰን አራተኛ ፎቅ ነው» አለችኝ። «እስክንደላደል አንቺ ጋ ይቆዩ። መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እስክንደላደል አልኩሽ እኮ! እናንተ ጎጃሞች ቀን ካልተቆረጠላችሁ አታምኑም?»

ሳቅሁ። ስትቀልድብኝ ሁልጊዜ እስቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አዲስ አበባ ስመጣ ከምንኖርበት ግቢ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያናገረችኝ እሷ ናት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ግን በዚሁ ግቢ ተወልዳ ያደገች የመርካቶ ልጅ ናት። የትኛው ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስልኬን በየትኛው ኪስ መያዝ እንዳለብኝ፣ ደላላ «እህቴ» እያለ ሲከተለኝ ዞሬ ማየት እንደሌለብኝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከትምህርት ስመለስ በር ላይ ቆማ «ምሁሯ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ትላለች። ቤታቸው ያለበት የግቢው ጀርባ ለመንገድ ስለተፈለገ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። የእኛ ወገን ቀረ።

መኪናው ሲሄድ ካርቶኑን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም። እትዬም ቢሆኑ የሚጠሩኝ «አንቺ ልጅ» ብለው ነው።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዶርም ስላልደረሰኝ ቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ዛላ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ሲገቡ እግራቸውን አስታጥባለሁ፣ ራት አቀርባለሁ፤ «ተባረኪ» ይሉኝና ዜና ይሰማሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ስለሚውሉ ለቤት የሚተርፍ ቃል የላቸውም።

አንድ የሚሳሱለት ነገር ቢኖር ዶሮዎቻቸው ናቸው። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ነበሯቸው። ግቢው ውስጥ ከዚያ ሌላ እንስሳ የሚያድርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጥንቸሎቹ ወይ ከዶሮዎቹ ጋር ያድራሉ፣ ወይ አያድሩም።

ያን ዕለት ማታ ካርቶኑን አሳየኋቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥንቸል ነው እትዬ።»

«ጥንቸልማ መሆኑን አየሁ፤ ቤቴ ምን ይሠራል ነው ያልኩሽ።»

«የጎረቤታችን ልጅ አደራ ብላኝ ነው።»

አደራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ካርቶኑን እንደገና አዩት። ነጋዴ ናቸው፤ አደራን እምቢ ማለት አያውቁበትም።

«እንግዲህ አደራ ካልሽ ምን እላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ስሚኝ። የማይበላ እንስሳ ነው። ከዶሮዎቼ ጋር ከአንድ ዕቃ እንዳይበላ፣ ከአንድ ዕቃ እንዳይጠጣ። ለፋሲካ የማሳርዳት ዶሮ ከጥንቸል ጋር ማዕድ ስትቆርስ ማየት አልፈልግም። አንዷ ብትታመምብኝ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ወስጄ ለገዛኝ እሰጣቸዋለሁ። አደራሽን ጠብቂ።»

«እጠብቃለሁ እትዬ።»

ከልቤ ነበር ያልኩት። ጥንቸሎቹ እኛ ጋ እስካሉ ድረስ ጓደኛዬ ልትወስዳቸው መምጣቷ አይቀርም። እነሱ ከሄዱ ግን ያንን በር አንኳኩቶ እኔን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴ ግን በደንብ ገብቶኝ ነበር።

ስለዚህ እንደ ፈተና አጠናሁት። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዶሮና ጥንቸል አብረው መኖር ይችላሉ፤ ጣጣው ብዙ ነው እንጂ። ዶሮ ቆጥ ላይ ወጥታ ስለምታድር ኩሷ ከታች በተኛው ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥንቸል ከቆጥ ሥር አትተኛም። የዶሮ መኖ ጥንቸልን ሆዷን ይነፋታል። የዶሮ ውሃ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ለጥንቸል ሌላ ውሃ ያስፈልጋል። ቀን ላይ ሜዳው ሰፊ ከሆነ ችግር የለውም፣ ማታ ግን በመካከላቸው መለያ መኖር አለበት። የእትዬ ሕግና የስልኬ ምክር በመለያው ላይ ተስማሙ። ምክንያታቸው ለየቅል ነበር፤ ሥራው ግን ያው ነው።

መለያውን ለማሠራት ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። አንድ ከዘይት ቆርቆሮ ምድጃ የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ ዘንድ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ወንፊት ያለው ትንሽ በር ይሠሩልኛል?»

«የምን በር?»

«ዶሮና ጥንቸል የሚለይ።»

መዶሻቸውን አስቀመጡና ከጎናቸው ወደሚሠራው ሰውዬ ዞሩ። «ሰማህ? ዶሮና ጥንቸል ልታጣላ ነው!»

«ልታፋታ ነው እንጂ» አለ ሰውዬው ቀና ሳይል።

«ሳይጋቡ?»

«አብረው ካደሩ ምን ቀረ!»

አካባቢው በሙሉ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «የኔ አይደሉም፣ አደራ ናቸው» አልኩ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

«መርካቶ ውስጥ ዕቃ አደራ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ገንዘብም ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የጥንቸል አደራ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።» እንዲህ ይበሉ እንጂ ከክምሩ ውስጥ የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ መዘዙና ጥንቸል አፍንጫዋን የማታሾልክበት ጠባብ ወንፊት ገጠሙበት። ማጠፊያ ሠሩለት። ሲሰጡኝ «እንዳይጋቡ!» አሉኝ። እስከ ቤት ድረስ በራሴ ላይ ተሸክሜው ሄድኩ፤ በመንገድ ላይ የሳቀብኝ ሰው ብዙ ነበር። አልከፋኝም። ከጓደኛዬ በኋላ የቀለደብኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ። አውራ ዶሮው ግራጫዋን ጆሮዋ ላይ ነከሳት። እሷም ዞራ በኋለኛ እግሮቿ መሬቱን ደበደበችና ተወርውራ አባረረችው፤ ከዚያ በኋላ ሲያያት በሩቁ ዞሮ ያልፋል። ነጯ ደግሞ ሆዳም ናት። አንድ ቀን የዶሮዎቹን ፉርሽካ ሰርቃ በልታ ሆዷ እንደ ኳስ ተነፋ፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቀርቼ እስኪሻላት ሆዷን ሳሽ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ዶሮዎቹን መለያውን ዘግቼ አበላለሁ፤ የተረፈውን ፉርሽካ ጠርጌ አነሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሩን ከፍቼ ለጥንቸሎቹ ድርቆሽና የጎመን ቅጠል የምሰጠው። ቀስ በቀስ ተላመዱ። ፀሐይ ሲወጣ ነጯ ጥንቸልና አንዷ ቀይ ዶሮ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ይጋደማሉ። ዶሮዋ በአቧራ ትታጠባለች፣ ጥንቸሏ ዓይኗን ጨፍና አቧራውን ትጠጣለች።

በየቀኑ ፎቶ እያነሳሁ ለጓደኛዬ እልክ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ረጅም የድምፅ መልእክት ትመልስልኛለች፤ ከኋላዋ የአዲሶቹ ጎረቤቶቿ ሳቅ ይሰማል። ቆይቶ በአጭሩ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ።

ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ሰው አላገኘሁም። ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ተቧድኖ ነበር። የቡድን ሥራ ሲሰጥ «እኔ እጽፋለሁ» እላለሁ፤ እሺ ይሉኛል፤ ጽፌ አመጣለሁ፤ «ጎበዝ» ይሉኝና ምሳ ይሄዳሉ። ቤት ስመለስ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የዕለቱን ማስታወሻ ለጥንቸሎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ድምፄን ካልሰማሁት የጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር የዶሮ ቤቱ ወለል መቀዝቀዝ ጀመረ። አንድ ማታ እትዬ ከሱቅ ሲመለሱ ባዶ ጆንያዎች ጠቅልለው አመጡ።

«ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። «አንጥፊላቸው። ለዶሮዎቹም ለእነዚያም።»

ለእነዚያም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚያው በዝናቡ ወጥቼ ጆንያዎቹን በሁለቱም ክፍል አነጠፍኩ። ዶሮዎቹ ወዲያው ወርደው በጆንያው ስፌት ውስጥ የቀረውን ፍሬ መልቀም ጀመሩ።

ከዚያ ጥንቸሎቹ ማስነጠስ ጀመሩ። እኔ ግን ልብ አላልኩም። በእኛ ቤት የማያስነጥስ የለም። እትዬ ሲገቡ ነጠላቸውን ካራገፉ ሁላችንም እናስነጥሳለን፤ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ሳይቀሩ ያስነጥሳሉ፤ «ይማርሽ»፣ «ያኑርሽ» ስንባባል እናመሻለን። ነጯ ጥንቸል የመጀመሪያዋን ስታስነጥስ እኔም «ይማርሽ» ብያት አልፌያለሁ። ሌላ ቤት ቢሆን ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ቆይቶ ዓይኖቻቸው ማልቀስ ጀመሩ። አፍንጫቸውን ስለሚጠርጉበት የፊት እግራቸው ፀጉር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ነጯ፣ ያቺ ሆዳም፣ ጎመን አቀረብኩላት፤ ፊቷን አዞረች። ስልኬን ከፈትኩ። ከዶሮ ወደ ጥንቸል የሚተላለፍ በሽታ አለ ይላል፤ ምልክቱ ማስነጠስ፣ የዓይን ዕንባ፣ ምግብ መተው። ዶሮዎቹ ደግሞ ከመቼውም የበለጠ ደህና ነበሩ። እትዬ አንድ እንቁላል ሰብረው «አስኳሉ እንዴት ቀልቷል!» ብለው ተገርመዋል።

አርብ ማታ እትዬ ጥንቸሎቹን ጎንበስ ብለው አዩዋቸው።

«ይሄ በሽታ ነው።»

«ብርድ ይሆናል እትዬ።»

«ብርድ እንዲህ አያስለቅስም። ልጄ፣ አደራሽን አውቃለሁ፤ ግን ዶሮዎቼ ሳይያዙብኝ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ይዣቸው እሄዳለሁ።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው መከራከር ያቃተኝ።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። አላነሳችም። «ነጯ ታማለች፣ እባክሽ ነይ» ብዬ ጻፍኩላት። ጠዋት ላይ መልሷ መጣ፤ «አይዞሽ ይሻላታል» ይላል።

ቅዳሜ የቡድን ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ነበር። የጻፍኩትን ሌሎቹ ተከፋፍለው አቀረቡት፤ የእኔ ተራ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። እኔን ትተው ሲወጡ ጭብጨባው ገና አልቆመም ነበር። ማንም ሆን ብሎ አልተወኝም፤ ረስተውኝ ነው። ቤት ደርሼ መጽሐፌን አስቀመጥኩና ነጯን ጥንቸል ከተኛችበት አንስቼ ፊቴን ፀጉሯ ውስጥ ቀበርኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር።

ማልቀሱንስ አለቀስኩ። ዓይኖቼ እሳት ሆኑ። ጉንጬ፣ ከንፈሬ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ሳይቀር ተቃጠለ። ጥንቸሏን አስቀምጬ እየተደናበርኩ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ልብስ የሚያጥቡት ጎረቤታችን ብድግ አሉ።

«ምነው? ማን መታሽ?»

«ጥንቸሏ!» አልኩ።

«ጥንቸል ደግሞ በጥፊ ትማታ ጀመር?»

ውሃውን በፊቴ ላይ እያፈሰስኩ ሳለሁ ገባኝ። ተመልሼ አንዱን ጆንያ አነሳሁና አራገፍኩት፤ ቀይ ብናኝ በነነ። ጥንቸሎቹ ቀንና ሌሊት አፍንጫቸውን የተከሉት እዚህ ውስጥ ነበር። ሲላላሱ ደግሞ ፀጉራቸው ላይ ያለውን ይውጡታል። ዶሮዎቹ ግን እዚያው አጠገቤ የበርበሬ ፍሬ እየለቀሙ ነበር፤ አንዷም አላስነጠሰችም። ስልኬን ጠየቅሁት፤ ወፍ የተባለ ሁሉ በርበሬ አያቃጥለውም ይላል።

ጆንያዎቹን በሙሉ አወጣሁ፤ ወለሉን አጠብኩ፤ ጭድ ጎዘጎዝኩ። ጥንቸሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ጠራረግኋቸው፤ ዓይናቸውን በንጹሕ ውሃ አጠብኩላቸው። ያ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ ለእትዬ መናገር ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ሳይጠየቁ ያደረጉልኝ ብቸኛ ነገር ያ ጆንያ ነበር። ያንን «ጎዳን» ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

እሁድ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ካርቶኑን በዓይናቸው ፈለጉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ተናገሪ።»

«ጥንቸሎቹን ያሳመማቸው በሽታ አይደለም። ጆንያው ላይ የነበረው የበርበሬ ብናኝ ነው። እርስዎ ለደግ ብለው ነው ያመጡት፤ እኔ አራግፌ ማንጠፍ ነበረብኝ።»

ወደ ዶሮ ቤቱ ዞሩ።

«ዶሮዎቹስ? እነሱም እላዩ ላይ ነው የተኙት።»

«ዶሮን በርበሬ አያቃጥላትም።»

«በርበሬ አያቃጥላትም?» ጆንያውን ከእጄ ወሰዱና አሸተቱት። አስነጠሱ። እንደገና አስነጠሱ።

«ይማርዎት!»

«ያኑርሽ። ወይ ጉድ! እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያስለቅሰኝ የኖረውን ዶሮ እንደ ስንዴ ትለቅመዋለች?» ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ነጯን ጥንቸል አዩና ሳቃቸው ቆመ። «አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኳት። በይ ተያት፣ ትቆይ። ጎመን ከእጅሽ ካልበላች ደግሞ ከእኔ እጅ እንሞክራለን።»

ከእሳቸውም ከእኔም እጅ አልበላችም፤ እኔና እትዬ በየተራ ስንለምናት ሰነበትን። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ማንም ሳይሰጣት ድርቆሹን ስትቆረጥም ደረስኩባት።

ጓደኛዬ የመጣችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መምጣቷን በዋዜማው ነገረችኝ። ግቢውን ጠረግሁ፤ ሁለቱንም አበጠርኳቸው፤ አዲስ ካርቶን አምጥቼ አየር እንዲያገኙ በጎኑ ቀዳዳ አበጀሁለት። ጥንቸሎቹን እንደምሰጣት አውቃለሁ፤ አዝኛለሁም። ግን አስቤበታለሁ። እሷ ጋ ሲሄዱ እኔም ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ እንዴት እንደሚበሉ አሳያታለሁ፤ አብረን ሻይ እንጠጣለን።

«ኧረ እነዚህ ወፍረዋል!» አለች ስታያቸው። «ምሁሯ፣ ምንድን ነው የምታበያቸው፣ ዲግሪ?»

በጣም ሳቅሁ፤ ከቀልዱ በላይ ሳቅሁ። ስለ መለያው፣ ስለ ፉርሽካው፣ ስለ በርበሬው ነገርኳት። ጥሩ አድርጋ ሰማችኝ። ስልኳ ደጋግሞ ይጮህ ነበር፤ አብረዋት የመጡ ልጆች ዋናው መንገድ ላይ መኪና ውስጥ እየጠበቋት ነበር። ካርቶኑን ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ።

«ስሚ፣ እማዬ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ አይሆንም አለች። ደግሞ አንቺን ለምደዋል። ያንቺ ይሁኑ።»

«የኔ?»

«አዎ፣ ሰጥቼሻለሁ! ከእንግዲህ አደራ የለብሽም፣ ተገላገልሽ።»

ፊቷ ላይ ስጦታ የሰጠ ሰው ደስታ ነበር፤ ስለዚህ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፤ «ጠፋሁ አትበይኝ እሺ፣ ሩቅ እኮ ነው» አለች። መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ወዲያው ቤት መመለስ አልቻልኩም። አትክልት ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ሳላስበው ቆሜ ኖሯል። የያዙት ጎመን ዝናብ የጠገበ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ነበር።

«ምን ልስጥሽ? ለቤት ነው?»

«ለጥንቸል ነው» አልኩ።

«የማን ጥንቸል?»

አንዱን ቅጠል አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «የኔ።»

«አይ የዘንድሮ ልጆች!» አሉና ከሥራቸው ደረቅ ደረቁንና የውጭ የውጩን ቅጠል እየለቀሙ ፌስታል ሞሉልኝ። «ይሄንን እኔ ለመጣል ነው። ነገም ነይ፣ አስቀምጥልሻለሁ።»

«በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«በፈለግሽው ሰዓት። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ፌስታሉን ይዤ በሰዉ መካከል ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ ገና አልተመለሱም ነበር። ዶሮዎቹ ለቆጥ እየተዘጋጁ ነው። ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ አጥቤ አራገፍኩና በጥንቸሎቹ ወገን ገብቼ ቁጭ አልኩ። ነጯ መጀመሪያ መጣች፣ ግራጫዋ ተከተለች። ጨለማ እስኪሆን ሲበሉ አየኋቸው።